ሦስት ምስክሮች በሕማማት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1985 ዓ.ም.

መለሱኝ። ሰልፍ ሙሉ ሰው እያየ መለሱኝ።

ዛሬ ለጀርመኖቹ የፋሲካ ማግስት ነው፤ የምሠራበት ዳቦ ቤት ዝግ፣ ከተማው ጭር ያለ። ለእኛ ገና ሕማማት መግባቱ ነው። ሥራ ያልገባ የፍራንክፈርት ኤርትራዊ ሁሉ ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው የባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ወዳለችው አዳራሽ ጎርፏል። የሕዝበ ውሳኔው መታወቂያ የሚሰጠው እዚያ ነው። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። መዝጋቢው ኃይለኣብ ይባላል፤ የቀድሞ ታጋይ ነው፤ ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ስሜን አየ። የአባቴን ስም አየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«የሃምሳ አለቃ ገብረመድኅን ልጅ?» አለ።

«አዎ።»

«የኢትዮጵያ ጦር ሠራዊት።»

«የሠራዊቱ ማርሽ ባንድ» አልኩት። «ጥሩምባ ነበር የሚነፋው። ጥሩምባ ሰው አይገድልም።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ለሚገድሉት ይነፋላቸው ነበር» አለና ወረቀቴን ገፋው። ቤተሰቤን ከአገር ቤት የሚያውቁ፣ መታወቂያ ያወጡ ሦስት ምስክሮች እንዳመጣ አዘዘኝ። ዘመድ አይሆንም። መዝገቡ ሐሙስ በዐሥር ሰዓት ይዘጋል።

«አማርኛሽ ግን ያምራል» ብሎ ጨመረበት። ስድብ መሆኑ ነው። አስመራ ትምህርት ቤት በአማርኛ የተማርኩት እኔ መርጬ ነው? እሱስ በምን ቋንቋ ነበር ሲያናግረኝ የነበረው? በአማርኛ! ይህን እዚያው ፊቱ ላይ መመለስ ነበረብኝ፤ የመጣልኝ ግን የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ኡ-ባኑን፣ ከተሳፈርኩ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ለራሴ እንኳ በግልጽ ልጻፈው። እናቴ የሞተችው በስደት፣ ሱዳን ከሰላ ነው። መቃብሯ ላይ በተተከለው እንጨት ከስሟ በታች የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ስደተኛ»። አገሯን የሚጽፍላት አልነበረም። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ሰው ሁሉ ወጥቶ አገሩን በስሟ ሲጠራ፣ እኔም ገብቼ ያንን ቃል በእጄ ልሰርዘው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኳቸውም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ጠዋት ሙሉ ቅቤ የጠገበ ዳቦ ሸጥኩ። ጾመኛ ዳቦ ሻጭ መሆን ራሱን የቻለ ሰማዕትነት ነው፤ ግን ማንም አይመዘግበውም።

ከሥራ በኋላ እዚያው ዳቦ ቤቱ ባለበት ሰፈር፣ ቦርንሃይም፣ አደይ ለተብርሃን ዘንድ ሄድኩ። አስመራ፣ አባሻውል ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። ሕማማት ስለሆነ መሳሳምም መጨባበጥም የለም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በዓይናቸው ሳሙኝ።

«ሦስት ምስክር?» አሉ ስነግራቸው። «ስትወለጂ እልል ያልኩት እኔ! እትብትሽ የተቀበረበትን የማሳየው እኔ! ይሄ ኃይለኣብ የሚባለው ደግሞ ማን ስለሆነ ነው?»

አንድ ምስክር። ትንሽ ድል ቁጥር አንድ።

ሁለተኛውን እሳቸው ናቸው የጠቆሙኝ። በዚያው ሕንፃ፣ ምድር ቤቱ ላይ ሐጂ ኡስማን አሉ፤ እዚህ ጀርመን የባቡር ጥገና ሠራተኛ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። አስመራ ሳሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የአባቴን ስም ስጠራላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሃምሳ አለቃን? የማርሽ ባንዱን ልብስ ሁሉ የሰፋሁት እኮ እኔ ነኝ። ፖለቲካውን አላውቅም። ትከሻውን ግን አውቀዋለሁ። ግራው ከቀኙ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል።»

«ይሄ ለምስክርነት ይበቃል፣ ሐጂ?»

«ለልብስ ሰፊ ከዚህ በላይ ምስክርነት ከየት ይመጣል፣ ልጄ? ቤታችሁም ገብቻለሁ። በሩ ሰማያዊ ነው።»

ሁለት። አደይ ለተብርሃን በደስታ ሦስተኛውንም እዚያው ሊጨርሱት ፈለጉ። የእህታቸው ባል ማንሃይም አለ፤ ይምጣና ይማልልሽ አሉ። ሰውየው የከረን ልጅ ነው። አባሻውልን አያውቀው፣ እኛን አያውቀን።

ሐጂ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ «በመጽሐፉ ላይ እጁን በሐሰት የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ እኔ የእኔን አነሳለሁ» አሉ።

«ሐጂ፣ ለአገር እኮ ነው!»

«ለአገር ከሆነማ ይብሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን የገበርንባት አገር ገና በሯን ስትከፍት በሐሰት ልንገባ ነው?»

አደይ ለተብርሃን ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ? አንድ ኪሎ ስኳር የማይበደሩ ሰው ናቸው» አሉ። እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ። በርገር ሽትራሰ የሚባለውን ጎዳና እስከ ታች ብቻዬን እያወራሁ ወረድኩ። ያናደደኝ ልክ መሆናቸው ነው።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 6

ከተማው ዳር ዞሰንሃይም፣ አባዬ ቤት። አምስተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ ተበላሽቷል።

አባዬ ራሱ አልተመዘገበም። «አንድ ጊዜ ለባንዲራ ምያለሁ። ሁለተኛው መሐላ እኔ አፍ ውስጥ አይገባም» ይላል። ሌሎቹ ከሃዲ ይሉታል፤ አንዳንዱ የኢትዮጵያ ከሃዲ፣ አንዳንዱ የኤርትራ። እሱ ሽሮውን ያማስላል።

«አባዬ፣ ከባንዱ ሰዎች ፍራንክፈርት የመጣ የለም?»

«የለም።»

ቶሎ አለው። አባዬ ቶሎ የሚመልሰው ሲዋሽ ብቻ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን የጥሩምባውን ሳጥን አወረድኩና ጨርቁን ገለጥኩት። ከሥሩ የባንዱ ፎቶ አለ፤ 1967 ዓ.ም. ይላል ጀርባው። ደረታቸው ላይ የወርቅ ጥልፍ ያለበት ኮት የለበሱ ሰዎች፣ መሃል ላይ አባዬ። ዳር ላይ ደግሞ ሁለት የናስ ሳህኖች ወደ ላይ ያነሣ ቀጭን ወጣት። አገጩን አውቀዋለሁ። ሰኞ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳየው ነው የዋልኩት።

ኃይለኣብ! በጠላት ባንድ፣ የጠላት የወርቅ ጥልፍ ለብሶ!

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከባንዱ አንድ ሰው ከድቶ በረሃ ገባ ተብሎ አባዬን ሲወስዱት አስታውሳለሁ። እናቴ አራት ወር እስር ቤት ስንቅ አመላልሳለች። የከዳው ማን እንደነበር ነግረውኝ አያውቁም።

አባዬ እሳቱን አጥፍቶ ተቀመጠ። «እናቴ ታማብኛለች፣ ሦስት ቀን ፈቃድ ፈርምልኝ ብሎ መጣ» አለ። «እናቱ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። እሱም እዚያ እንደነበርኩ ያውቃል። ‹እግዚአብሔር ይማርልህ› ብዬ ፈረምኩለት።»

«እያወቅክ!»

«እያወቅኩ። ለቀብር ስንነፋ ሳጥኑ ተዘግቶ ነበር የሚመጣው። ውስጡ ያለው የማን ልጅ እንደሆነ አይነግሩንም። አንዱን እንኳ ከነሕይወቱ ልሸኝ አልኩ። የሐሰት ፊርማ ነው፣ ንስሐ ገብቼበታለሁ።» የጥሩምባውን ሳጥን ከደነና፣ «አልጸጸትም እንጂ» አለ።

ጮኽኩ። ነገ ይህን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት እጥለዋለሁ አልኩት። ማን ለማን ይነፋ እንደነበር ያኔ እናያለን!

«ውሰጂው» አለ አባዬ። «ግን መጀመሪያ በደንብ እዪው።»


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 7

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ጽሑፌ ቢያስጠላ ነውር የለውም።

ወደ አዳራሹ ስሄድ ባቡሩ፣ ኤስ-ባኑ ውስጥ ፎቶውን አውጥቼ አየሁት። አባዬ ምኑን እንዳየው እንደፈለገ ገና አልገባኝም ነበር። ከዚያ እጆቹን አየሁ። ሁለቱንም። የግራ እጁ ጣቶች ረጃጅም ናቸው፤ አንጓው ላይ ሰዓት አስሯል፤ የናሱን ሳህን ወደ ሰማይ ይዞታል። ያ እጅ አሁን ያለው በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የሰው ጠረጴዛ ላይ አይጥሉትም። ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ዘጋሁት። በራሴም ተናደድኩ፤ ያለኝ መሣሪያ እሱ ብቻ ነበርና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአደይ ለተብርሃንና ከሐጂ ጋር አዳራሹ ደረስን። ጠረጴዛው ጋ ከኃይለኣብ ሌላ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አደይ ለተብርሃን ወንጌሉን መትተው ማሉ። ሐጂ ቁርኣኑ ላይ እጃቸውን አኑረው ማሉ፤ የትከሻውንም ነገር አልተዉትም። ኃይለኣብ ሁለቱንም ጻፈ።

«ሦስተኛው?»

«አንተ» አልኩት።

ታጋዮች ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚሉት፤ ስለዚህ በአንተታው ቅር አላለውም። «እኔ መዝጋቢ ነኝ» አለ።

«መዝጋቢ አይመሰክርም የሚለውን ደንብ አሳየኝ። ሁለት ዓመት ሕግ ተምሬያለሁ፤ ማንበብ ካቃተህ አነብልሃለሁ።»

ሰልፉ ሳቀ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንዲህ ያለ ደንብ እንኳን የለም» አለ። ወንጌሉን ወደ እሱ ገፋሁት።

«እኔ በመጽሐፍ አልምልም።»

«እንግዲያው በምታምንበት ማል። በሰማዕታት ማልና የገብረመድኅንን ቤት አላውቅም በል። ካልክ እሄዳለሁ። ሁለተኛ አታየኝም።»

ማንም አልሳቀም። ኃይለኣብ ብዕሩን አስቀመጠ። ሲነሣ ሊያስወጣኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ጨበጥኩ። ቀኝ እጁን አነሣ።

«በሰማዕታት ስም» አለ። «አባሻውል፣ ከቧንቧው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር። እናቷ ብርኽቲ ትባላለች። ይህችን ልጅ በሰባት ዓመቷ አውቃታለሁ።» እዚህ ላይ ቢያቆም ይበቃኝ ነበር፤ ሌላ አልጠየቅኩትም። አላቆመም። «እኔም የዚያ ባንድ ሰው ነበርኩ። አባቷ ባይፈርምልኝ በረሃ አልደርስም ነበር። ጠመንጃ የሰጡኝ ብዙ ናቸው። መንገድ የሰጠኝ ግን እሱ ነው።»

ተቀመጠ። ወረቀቴን በተቆረጠው ክንዱ ተጭኖ ማኅተሙን መታበት። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።

«ሰኞ ለምን መለስከኝ?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሰኞ ስሙን ሳየው ፈራሁ።»

ታጋይ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ እሱ ጠየቀኝ። «እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን አደረጉት?»

«አራት ወር አሰሩት።»

አላወቀም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አላወቀም። አላመሰገንኩትም፤ አላጽናናሁትምም። መታወቂያዬን ይዤ ወጣሁ። ሐጂ ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። «ሦስቱም እውነት» አሉኝ። «አሁን እንቅልፍሽን ትተኛለሽ።»


ዓርብ፣ ሚያዝያ 8፣ ስቅለት

ጀርመኖቹ በሚያውሱን ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። ጉልበቴ እንጨት ሆኗል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ኃይለኣብ ገባ። በመጽሐፍ አልምልም ያለው ሰውዬ! ከወንዶቹ ረድፍ መጨረሻ ቆመ፤ ከአባዬ ሦስት ሰው ብቻ ይለየዋል። በአንድ እጅ መስገድ ከባድ ነው፤ ወደ ጎን እያዘነበለ ይነሣል፤ ግን አንድም አልዘለለም። አባዬ ቀና ሲል አየው። እሱም አየው። ሕማማት ነውና መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም። ሁለቱም በሕጉ የተገላገሉ መሰለኝ። ተያዩ፣ እንደገና ሰገዱ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

ኃይለኣብ መጣ!

የአባዬን አምስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ እህቱ የጋገረችውን ሕምባሻ በክንዱ ታቅፎ። በሩን የከፈተው አባዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ክራቫት አስሯል፤ ለማን ነው ስለው ለጌታ ትንሣኤ ነው ብሎኝ ነበር።

በር ላይ ቆመው ቀሩ። ዶሮው ሊያርብኝ ነው፣ እኔም መንቀሳቀስ አልቻልኩም። በመጨረሻ አባዬ፣ ያንን ለቀብር ሲነፋ የሚያሳየውን ኮስታራ ፊቱን አድርጎ፣

«እናትህ ተሻላት?» አለው።

ኃይለኣብ ተረከዙን ገጠመ። «ተሻላት፣ ሃምሳ አለቃ። ፈቃዱ ትንሽ ረዘመብኝ።»

ሳቁ። ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ ሕምባሻው መሃላቸው ተጨፈለቀ። እኔም አለቀስኩ፤ ለዚህ ማስታወሻ ካልሆነ ለማንም አልናገርም።

ከምሳ በኋላ ፎቶውን ሰጠሁት። ጣቱን የፎቶው አንጓ ላይ አሳርፎ፣ «ሰዓቷን ረስቻት ነበር» አለ። «ጥሩ ሰዓት ነበረች።» ለአባቴ መልሶ ሊሰጠው ሲል አባዬ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ያንተ ነው ማለቱ ነው።

ሊሄድ ሲል ዓርብ ድምፅ መስጫው ሲከፈት የሚነፋ ሰው እንደሌላቸው ተናገረ። ለአባዬ አልነበረም የተናገረው፤ ለመስኮቱ ነበር። አባዬም ለመስኮቱ መለሰለት፤ ድምፅ አልሰጥም፣ ልጄን ግን እስከ በሩ እሸኛታለሁ አለ። ጥሩምባውን በተመለከተ ከንፈሬ ሞቷል፣ ትንፋሼም አልቋል አለ።

ይኸው፣ አሁን ይህን ስጽፍ ከወጥ ቤቱ የሆነ ድምፅ ይሰማኛል። የጥሩምባውን አፍ ብቻ ነቅሎ እየነፋ ነው። ዓርብ ጥሩምባውን ይዞ ይምጣ አይምጣ እንጃ። ለማን እንደሚነፋም ገና የወሰነ አይመስለኝም። ከታች ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱ፤ ጀርመኖቹ አጥብቀው የሚያከብሩት የእሑድ ጸጥታ ፈረሰባቸው። አባዬ መንፋቱን ተወት አደረገ።

ጆሮዬን አቆምኩ። እንደገና ጀመረ።