እማዬ ፓስፖርቷን አልሰጥም ያለችበት ሌሊት

ውድ ወንድሜ፣

ቤታችን በሰላም ገብተናል። ስልክ ላይ «ደህና ነን» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ጎረቤት ልትጠይቅ ወጥታለች፤ እስክትመለስ ልጻፍልህ። በቃል ብነግርህ አንተ በቀልድ ታልፈዋለህ፣ እኔም አብሬህ እስቃለሁ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

ወደ አንተ ከመነሳታችን በፊት በስልክ የሰጠኸንን ማስጠንቀቂያ እማዬ አንድም ሳታስቀር በቃሏ ይዛው ነበር። የባቡር ክፍላችሁን በር ከውስጥ ቆልፉ፣ እጀታውን በቀበቶ እሰሩት፣ የተከፈተ መጠጥ ከሰው አትቀበሉ፣ ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ። እኔ ልብስ ሰፊዋ ያላሰብኩትን እሷ አሰበችው። «የውስጥ ጉርዴ ላይ ኪስ አውጪልኝ፤ ፓስፖርቱን ከተሽ አፉንም ዝጊው» አለችኝ። በማሽን ደርቤ ደራርቤ ሰፋሁት። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!

አንተ በአውቶቡስ ስለተሻገርክ የማታውቀው ነገር አለ። በሌሊቱ ባቡር የፉርጎው አስተናጋጅ ማታ ፓስፖርት ይሰበስባል። ተሳፋሪው ድንበር ላይ ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቀስ እሱ ማህተም አስመትቶ ጠዋት ይመልሳል። ሰውየው የሌሎቹን በላስቲክ አስሮ ይዞ ወደ እኛ ክፍል መጣ።

«እማማ፣ ፓስፖርት።»

«አልሰጥም።»

«ሁሉም ሰጥቷል እኮ።»

«እንግዲህ የሰጠ ይስጥ! የእኔ ልጅ ለማንም እንዳትሰጪ ብሎኛል።»

የእኔን ስሰጠው ከሃዲ እንዳየች ሁሉ አፈጠጠችብኝ። ሰውየው «እንግዲያው ድንበር ላይ ራስዎ ይነጋገሩ፤ ማህተም ያልተመታለት ይወርዳል» ብሎ ሄደ። እማዬ በሩን በቀበቶዬ አስራ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።

ድንበር ላይ ተንኳኳ። ስከፍት አስተናጋጁ ከአንዲት የድንበር ፖሊስ ጋር ቆሟል። እማዬ «ዞር በሉልኝ» አለች። አስተናጋጁ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ፤ ፖሊሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እንግዲህ እኔን ተንበርክኬ የገዛ ስፌቴን በጥርሴ ስፈታ አስበኝ። መቀሴን «ባቡር ላይ ስለት አይያዝም» ብላ ቤት አስቀርታዋለች። ከጎረቤት ክፍል «ምንድን ነው የቆምነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ፖሊሷ ሰዓቷን አየችና «ባቡሩ አይጠብቅም፤ ይውረዱና ቢሮ እንጨርሳለን» አለች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠብቃ፣ በእኔ ክር ምክንያት ከመንገድ ልትቀር ነው።

«ልጄን ሳላይ አልወርድም! ቅደጂው!» ብላ ጮኸችብኝ። ቀደድኩት።

ፖሊሷ ፓስፖርቱን እያገላበጠች «ልጅዎ ጋ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?» አለቻት።

«እስክሰለቸው።»

«ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ነው!» አልኩ እኔ። ፖሊሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማህተሙን መታችላት።

ይህን ሁሉ እራት ላይ ነግረንህ እንባህ እስኪወርድ ስቀሃል። ያልነገርንህ ጣቢያው ላይ የሆነውን ነው።

ከፉርጎው ስንወርድ ከኋላ መጥተህ ሻንጣዋን ያዝክ። ዞር ብላ አየችህና ሻንጣውን ወደ ራሷ ጎተተችው። «ልቀቅ!» አለችህ። አንተ «አይ እማዬ! የመከርኳት እንዴት ገብቷታል!» ብለህ ሳቅክ። ድምፅህን ስትሰማ አቀፈችህ፤ አብራህም ሳቀች።

ወንድሜ፣ ጥንቃቄ አልነበረም። አላወቀችህም። ድምፅህን እስክትሰማ ድረስ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ አልፌህ ነበር። ፀጉርህ ከፊት ሳስቷል፣ ጢምህ ሸብቷል፣ ብየዳው ፊትህን አክስሎታል። ነውር የለውም፣ ሰው ያረጃል። እኛ ግን የምናውቀው ሳሎን ፎቶው የተሰቀለውን ጎረምሳ ነው። በቪዲዮ ደውል ስንልህ «ኔትወርክ የለም» ትለናለህ። ቤትህን አየሁት እኮ፤ ኔትወርኩ ከእኛ በብዙ ይሻላል። እማዬ እንዳታዝን ብለህ መሆኑ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩህም።

ስንመለስ አስተናጋጁ ሲመጣ ፓስፖርቷን አንድ ቃል ሳትናገር ሰጠችው። በሩንም አላሰረችም። ጉዞው ከተጀመረ ብዙ ቆይታ «ጢሙ መቼ ነው የሸበተው?» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ አለበስኳት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ግን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት አውቃለሁ።

የመኖሪያ ወረቀትህ ሳያልቅ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ አውቃለሁ። ና ብዬ አልጨቀጭቅህም። በየእሑዱ ግን በቪዲዮ ደውልላት። ደክሞህም ቢሆን፣ ከሥራ ወጥተህ ሳትታጠብም ቢሆን፣ ታመህም ቢሆን ፊትህን አሳያት። ማርጀትህ ካልቀረ፣ እያየችህ አርጅ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ