እትዬ ቅጣቱን አልከፍልም ያለችበት ምክንያት

ይድረስ ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከአልጋ የምትነሳው ግድግዳ ይዘህ ነው? አብሮህ የሚኖረው አንኮራፊ ሰውዬ ክፍል ቀየረ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ልጅህ ፌንጣም ካንተ ናፍቆት ሌላ የጎደላት የለም።

ባለፈው በስልክ ባለቤትህን፣ እትዬን፣ «ክፈይና ተገላገይ፤ ፍርድ ቤት እየተመላለስሽ አታሳፍሪኝ» ብለሃት ነበር አይደል? እትዬ ስልኩን ዘግታ ድንች መላጥ ጀመረች። ስትልጠው ብታይ ኖሮ እንዲያ ባላልካት ነበር፤ ግማሹ ድንች ከልጣጩ ጋር ሄደ። አንተ ነገሩን በቁንጽል ነው የሰማኸው፤ ቁጭ በልና ከሥሩ ላጫውትህ።

መቼም እትዬ ለማጆቿን ገና መሪ ሳታስጨብጣቸው የምታስጠናቸውን ታውቃለህ። «ስትደነግጡ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሞተር አጥፉ፣ ተንፍሱ። ሌላው ይደርሳል።» ሌሎቹ የመኪና አስተማሪዎች ይስቁባታል፤ ተማሪዎቿንም «ተንፋሾቹ» ነው የሚሏቸው። ቅጣቱ የተጻፈባት ቀን መሪ የያዘችው የእማዬን ቀሚሶች የምትሰፋው ልብስ ሰፊ ነበረች። ሴትዮዋ የስፌት መኪናዋን ስታበረው ለጉድ ነው፤ እውነተኛው መኪና ውስጥ ስትገባ ግን መሪውን አንቃ ነው የምትይዘው። አረንጓዴ በርቶላቸው ዜብራው ጋ ሲደርሱ፣ በከዘራ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ገና ተሻግረው አልጨረሱም ኖሯል። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ከዚያማ የተማረችውን አንድ ሳታስቀር አደረገች፤ ቆመች፣ ፍሬን ሳበች፣ ሞተር አጠፋች፣ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። አዛውንቱ ተሻግረው ሄደዋል፣ እሷ ገና ትተነፍሳለች! ከኋላ የጥሩምባው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ትራፊኩ ከወደ ኋላ መጣና «በአረንጓዴ መንገድ ዘግታችኋል» ብሎ ቅጣቱን በእትዬ ስም ጻፈው፤ ለማጅ ሲያጠፋ የምትጠየቀው አስተማሪዋ ናታ።

ጭንቁ ገንዘቡ አይደለም፣ ጋሼ። ከከፈለች ጥፋቱን አመነች ማለት ነው፤ የማስተማር ፈቃዷን ልታሳድስ ስትሄድ ይነሳባታል። ተከራክራ ከተረታች ደግሞ ጭራሽ ሊያግዷት ይችላሉ። ጎረቤታችን ጠበቃው ሰምቶ መጣና «ይሄ ምን ያስጨንቃል? ለማጇ አልታዘዝ አለችኝ በያ፤ ነፃ ትወጫለሽ» አላት። ልብስ ሰፊዋም ዓይኗ አብጦ መጥታ፣ «በእኔ አላክኪ፣ እኔ ምን ይቀርብኛል? ሁለተኛ መሪ አልነካም» አለቻት። እኔም በልቤ ከጠበቃው ጋር ነበርኩ።

እትዬ ምሳም ሳትቀምስ ዋለች። ኋላ ተነሥታ ፀጉሯን እያበጠረች፣ «እሷ እኮ ያደረገችው እኔ ያልኳትን ነው» አለች። «እኔ ያስተማርኩትን ነገር ሰው ላይ ልደፍድፈው? ከከፈልኩስ ነገ ለማጆቼን ምን ልበላቸው፣ ደንግጣችሁም ቢሆን ዝም ብላችሁ ንዱ?» ወንድም ጋሼ፣ እኔ የባል እህት ነኝ፤ እንደ ደንቡ ማማት ነበረብኝ። ግን ምኗን ልማው?

ፍርድ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ክፍሉ ጠባብ፣ አግዳሚው ሲቀመጡበት የሚንቋቋ፣ ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያንጠለጠሉ ሴት። እትዬ ረጋ ብላ «አዎ፣ ቆመናል። አዎ፣ ትንሽ አብዝተን ቆይተናል። የቆምነው ግን መንገዱ ላይ ሰው ስለነበረ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ትራፊኩ ዞር ብላ በአክብሮት፣ «ከቆሙበት ሆነው የመኪናዬ ፊት ይታይዎት ነበር?» ስትለው፣ ትንሽ አሰበና «አይታየኝም ነበር፤ የጭነት መኪና ከልሎኝ ነበር» አለ። ሽምጥጥ አድርጎ መካድ ይችል ነበር እኮ! እሱንም «እንዳንተ ያለውን እናት ትውለድ» ብዬ መረቅሁት።

ልብስ ሰፊዋ ልትመሰክር ስትቆም አንደበቷ ተሳሰረ። እትዬ ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ «ተንፍሺ» አለቻት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋም ተነፈሰችና የአዛውንቱን ነገር እስከ ኮታቸው ስፌት ድረስ ተረከችው። ዳኛዋም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ለእግረኛ መቆም አያስቀጣም፤ ክሱ ተሰርዟል። ለማጆችዎ ግን ትንፋሹን አጠር ያድርጉት» አሉ።

እልል ልል አፌን ስከፍት እትዬ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመች። «እሱ አሁንም አሳፈርሽኝ ይለኝ ይሆን?» አለችኝ። ዳኛ ፊት ያልተንቀጠቀጠው ድምፅዋ እዚያ ላይ ተንቀጠቀጠ። ማሸነፏን ደውላ እንድትነግርህ ብለምናት ብለምናት እምቢ አለችኝ። እኔ ታናሽህ ነኝ፣ ልቆጣህ አልችልም። ግን ይህን እንዳነበብክ ደውልላት፤ ስለ ቅጣቱም አትጠይቃት፣ መጀመሪያ «ኮርቼብሻለሁ» በላት።

እማዬ ትመርቅሃለች፤ ካልሲ ሳታደርግ እንዳትተኛ ብላሃለች። ፌንጣ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች። ልብስ ሰፊዋም በዓይን ባታውቅህም እጅ ነስታሃለች። እዚያ ላሉት ጓደኞችህ፣ ለአንኮራፊውም ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር
ጥር 9 ቀን