የወፍጮ ቤቱ በሬ

ነሐሴ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ መርሳ

ዛሬ ሥዕሌ ከኖራ ተረፈ! በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሳልኩት ጥማድ በሬ አህያ ሲታከክበት ኖሮ ደብዝዟል። የቀበሌው ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ኖራ ሊያስቀባው ባልዲ ይዞ መጣ። ብለምነው፣ ብለምነው አልሰማኝም። እንግዲያው ልሰናበታቸው ብዬ በሬዎቹን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመርኩ። ጋሽ ሰይድ አህያቸውን እዚያው ሊያስሩ መጥተው ከአቧራው ሥር የወጣውን በሬ ሲያዩ ክው አሉ።

«ያ ረቢ! ይኼ የኔ ቦራ አይደል እንዴ?»

ነው። ያኔ ከደጃቸው ቆሜ አይቼው ነው የሳልኩት። በሬው በኋላ በድርቁ ሞተባቸው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት ዳሰሱና ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ቦራዬ ሁለቴ አይሞትብኝም!»

ሊቀመንበሩ ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ወዲያው ሌላ ሰው አህያውን ወደ ግድግዳው ሲነዳ ጋሽ ሰይድ ጮኹበት፤

«ኧረ መልሰው! እዚያ በሬ አለ!»