ሰባት ጊዜ «እሱ»

ኮልፌ፣ ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፤

የኤደን ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እህል ይበላልሃል? እኛ ተመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ተናድጃለሁና።

ደብዳቤህ ደረሰ። ጣሊያን አማርኛውን እያስተረጎመ ስለሚያነብ፣ የንግድ ወረቀት እንዲመስል በእንግሊዝኛ መጻፍህን አልነቅፍም። ግን ይህ ምን ዓይነት አጻጻፍ ነው? አስተማሪህ የነበሩት አቶ ገብረወልድ ለእኔና ለጎረቤቴ ለአልፊያ ሲያነቡልን ላብ አጠመቃቸው። ባለቤቴ ዱባለና የአልፊያ ባል ዩሱፍ ተሰደው አንተ ዘንድ ደረሱ፤ እዚህ ድረስ ገባን። ከዚያ እሱ ታመመ፣ እሱ አስታመመው፣ እሱ አረፈ፣ እሱ ግን ደህና ነው ትላለህ። የቱ? አቶ ገብረወልድ እርሳሳቸውን አውጥተው በየ«እሱ»ው ሥር «ማን?» እያሉ ሰባት ቦታ ጻፉበት። ስሙን ሳያስቀድም «እሱ» የሚል ሰው ቤት ሳይሠራ በር ያቆማል ብዬ አስተምሬው ነበር እያሉ ተበሳጩ። በአማርኛ ቢሆን ባለቤቴን ጋሼ ስለምትል «እሳቸው» ብለህ ትለይልን ነበር። እንግሊዝኛው ለካ ታላቅና ታናሽ አያውቅም።

ምክንያትህ ጠፍቶኝ አይደለም። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ የሟች ስም አይጻፍም ብለህ ነው። ወግ ጠበቅህ። ግን መርዶ ነጋሪዎች ማልደው ሲመጡ ስም ባይጠሩም የሚገቡበት በር ይናገራል። ያንተ ወረቀት በሁለታችን ደጅ መካከል ቆሞ ቀረ። እኔ እሷን ላጽናና ስወጣ፣ እሷ እኔን ልታጽናና ስትመጣ አጥሩ ሥር እንገናኛለን። የሰፈሩ ሴቶችም ነጠላቸውን ለማን እንደሚያዘቀዝቁ ቸግሯቸው ከመንገድ ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ብቻ አጥርተህ ጽፈሃል። ሟቹ ሊያርፍ ሲል፣ ያችን አልዘጋ ያለች በር ሳልጠግናት ወጣሁ ብሎ ተቆጭቷል። ይህ ሲነበብ አልፊያ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም።

ስለዚህ አደራ፣ ስሙን ጻፈው። ወግ ቢሰበር በእኔ ይሁን። አልፊያ ደስታዋን ከእኔ መደበቁ አድክሟታል።

ያንን የቤቴን በር ክረምቱ ሳይገባ ብዬ ትናንት አናጢ ጠርቼ አስጠገንኩት። አሁን ይዘጋል።

እመ ብርሃን በሰው አገር ትጠብቅህ፣ ለአገርህ አፈር ታብቃህ። ላስታመመውም ሰው፣ እህቴ አላህ ይስጥልኝ ብላለች በልልኝ።

እህትህ