አትጠገብ ያላየችው ባሕር

ጥር 14፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ዛንዚባር።
በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ላላችሁ ሁሉ፣ እስከ ገሳይ ድረስ ይሰማ፦ ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን አውልቄአለሁ። ሁለቱንም። ጋቢዬም ከመጣሁ ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እንደ እንግዳ።
ደብተሬ፣ ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገርህ። ባለቤቴ አትጠገብ ለአራሷ ልጃችን ለብርቱካን የላከችው ቅቤ ሻንጣ ውስጥ ቀልጦ ሱሪዬን ቀብቶታል። ብርቱካን አልጋዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሕፃኗ የዘጠኝ ቀን ናት። ስም እስኪወጣላት እኔ “ወይዘሮ ላብ” እላታለሁ። አባቷ ዮናስ ሆቴል ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው።
ብርቱካን እናቷ ለምን እንደቀረች ደግማ ጠየቀች። ግፊት ላለበት ሰው አውሮፕላን አይሆንም ብሎ ሐኪም ከለከላት አልኩ። ወዲያው ስለ ባሕሩ ጠየቅኋት።

ጥር 15፣ ከሰዓት።
ባሕሩን አየሁ። ቀመስኩትም። ጨው። ይህን ሁሉ ውኃ ማን እንደዚህ አበላሸው?
አሸዋው የነጭ ጤፍ ዱቄት ነው። ፈረንጆቹ እላዩ ላይ ተሰጥተዋል። እኛ አገር ፀሐይ ላይ የሚሰጣው በርበሬ ነው፤ እሱንም ሰው ያገላብጠዋል። እነዚህ ራሳቸው ይገላበጣሉ።
ምሳ በልቼ ብመለስ ባሕሩ የለም። ሄዷል። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል። የባሕር ዳርቻውን ዘበኛ በእጅ ምልክት ጠየቅሁት፤ ሰዓቱን አሳየኝ። ይመለሳል ማለቱ ነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። እውነትም እያዘገመ መጣ። እንዴት ያምራል። ያኔ ደብተሬን አወጣሁ።
እሺ፣ ላንተ እንኳ ልናገር። ሐኪሙ አልከለከላትም። ውጤቱን ልቀበል ብቻዬን የገባሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበረች። ጨው ትቀንስ ነው ያለው። ብርቱካን የጠራችው እናቷን ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ነው ማስመጣት የምችለው ብላ። እኔ ደግሞ ሳልሞት ባሕር ማየት አማረኝ። መጀመሪያ ሐኪሙ ከለከለሽ ያልኳት ለቀልድ ነበር። አትጠገብ አመነችኝና፣ እንግዲያው እርስዎ ይሂዱላት ብላ የገንፎውን ዱቄት ማዘጋጀት ጀመረች። መመለሻው ጠፋኝ።

ጥር 17፣ ረፋድ።
ገንፎ አገነፋሁ። ጓጎሉን ቆጠርኩና ተውኩት። ብርቱካን ሁለቴ ጎርሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። አለቀሰች። ጡቷ ቆስሏል፣ ሕፃኗ በደንብ አትይዝም፣ ለኔ ለአባቷ ደግሞ ይህን ማሳየት ታፍራለች። የሰፈሩን አራስ ሁሉ ያረሰች እናት እያለቻት።
ልቀልድ ሞከርኩ፤ የገንፎውን ድንጋይ ለቤት መሠረት እናስቀምጠው አልኳት። ፈገግ ብላ፣ “አባባ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የሐኪም ነገር ነው” አለችኝ።
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውጭ ወጣሁ። ባሕሩ ሞልቷል። ላየው አልቻልኩም።

ጥር 18፣ ጠዋት 4 ሰዓት።
ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ያላለውንም። አትጠገብ ከት ብላ ሳቀች። “አንቱ ሽማግሌ፣ ባሕር ሊያዩ ብለው እኔን በሽተኛ አደረጉኝ?” አለች። ተገላገልኩ።
ለብርቱካንም ነገርኩ። ፊቷን ወደ ሕፃኗ አዞረች።

ጥር 19፣ ጠዋት።
ዮናስ መመለሻዬን አስቀደመው። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። አትጠገብ ዮናስ ተበድሮ በቆረጠላት ቲኬት በሳምንቱ ትመጣለች፤ አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ እኔው አሳፍራታለሁ። ላሟንና ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ። ጎረቤት ባሕሩ እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ሐኪሙም እነግረዋለሁ። ይህን ቆርጫለሁ።
አንድ ነገር ግን ላርም። የትናንቱ ሳቅ ውሸት ነው። “አንቱ ሽማግሌ” የሚለውንም ስድብ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ እንዲያ ብትለኝ ብዬ። አትጠገብ አልሳቀችም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሦስቴ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጅቷ ጡት ትይዛለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትይዝም አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።