በአፍህ የማትለውን ሰርዝ

ለምወድሽ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ዝናብ በሸተተ ቁጥር የሚነሣብሽ ጉልበትሽ ተወሽ ወይ? የልጆቹ አባትስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ጎማ ሳነሣ ከሚወጋኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ግን እንደ ጎማ ነፍቶኛል።

እንግዲህ ተቀመጪና ስሚ፤ ወንድምሽ ሕግ አውጪ ሆኗል። አገር ምድሩ የሚተዳደርበት ሕግ ነው ያወጣሁት። እሺ፣ አገር ምድሩ እንኳ አይደለም፤ የማታ ትምህርት ክፍላችን ነው። እሱንም ብቻዬን አላወጣሁትም። ቢሆንም ሰሌዳ ላይ ተጽፏል! ይህንንም ደብዳቤ እንደ ድሮው ሰው ለምኜ ሳይሆን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ጥቁር አሻራ ካየሽበት የጎማ ቤቱ ማኅተም ነው በይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኛ ጋር የሚማሩ አንዲት የሆቴል ልብስ አጣቢ አሉ፤ እማማ ሳሙና እንላቸዋለን። አንድ ልጃቸው መርከብ ላይ ይሠራል። ባሕር መሐል ስልክ አይሰማም፤ መልእክትም የሚገባለት ወደብ ሲደርስ ብቻ ነው። ድሮ አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች፣ እማማ እንደተናገሩት፣ ስድባቸውን ሳትቀንስ የምትጽፍላቸው። እሷ አግብታ ሄደች።

አስተማሪያችን ደግሞ በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው፤ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። ለቤተሰብ ደብዳቤ ጽፋችሁ ኑ ብላ የቤት ሥራ ሰጠችን። እማማ ስልካቸው ላይ ላለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እኛ “ሊቁ” ለምንለው፣ ለልጄ ጻፍልኝ አሉት። ጻፈ! “ክቡር ልጄ ሆይ፣ የናፍቆትህ ማዕበል የልቤን ጀልባ ያናውጣታል” እያለ ገጹን ሞላው። እማማ ገልብጠው ለአስተማሪያችን ሰጡ፤ ለልጃቸውም ላኩ። አስተማሪያችን “ግሩም” ብላ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እኔማ ቅናት ሊገድለኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ እማማ የልጃቸውን መልስ ይዘው መጡ። ማንም እንዳያግዘኝ ብለው ክፍሉ ፊት ቆመው ፊደል በፊደል ያነቡ ጀመር። “ይህን የጻፋችሁት እነማን ናችሁ? እናቴ በዕድሜዋ ክቡር ብላኝ አታውቅም። ደጋግሜ ብደውል አታነሣም። ሞታ ከሆነ አትደብቁኝ። የሚቀጥለው ወደብ ላይ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ” ይላል። ለካ ሲደውል እማማ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የሆቴሉ ሠራተኞች ስልክ ደግሞ በሥራ ሰዓት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። እታለሜ፣ ሰው የገዛ መርዶውን በገዛ አፉ ሲቆጥር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጁ ለዚያች ሥራ ስንት ዓመት ደጅ ጠንቷል፤ አንዴ ከወረደ መርከቡ ቆሞ አይጠብቀው።

አስተማሪያችን ፊቷ ደም መሰለ። ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀለችና ሰሌዳው ላይ “በስልክ ያስጻፈ ከክፍል ይሰናበታል” ብላ ጻፈች። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አለች። ልብስ ሰፊው፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚብሰው፣ አላስችል ብሎት “ቲቸር፣ ግሩም ያልሽው አንቺ አይደለሽ? አብረሽን ልትሰናበቺ ነው?” አላት። ማንም አልሳቀም። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ቤት ፊደል የሚያውቅ የለም፤ ቃል ሲጠፋኝ ሊቁን ካልጠየቅሁ ማንን ልጠይቅ፣ መርፌውን? አለ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ያኔ እማማ ቦርሳቸውን አነሡ። መባረሩን ልባረር ግዴለም፤ አስቀድማችሁ ግን አለመሞቴን አጽፉኝ አሉ።

አስተማሪያችን ሰሌዳውን በእጅጌዋ ጠረገችው።

ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ያወጣነው ሕግ ይኸውልሽ። ስልክ መጠየቅ አይከለከልም፤ ምን ላይ እንዳገዘህ ግን ከገጹ ግርጌ ትናገራለህ። የጻፍከውን ክፍሉ ፊት ጮክ ብለህ ታነባለህ፤ በአፍህ የማትለውን ትሰርዛለህ። ይህች የመጨረሻዋ የኔ ናት፤ ልብስ ሰፊው የኔ ናት ቢል አትስሚው፣ ጨርቅ እንጂ ቃል ሰፍቶ አያውቅም።

በእማማ ደብዳቤ ጀመርን። “ክቡር” ተሰረዘ። ጀልባውም ከነማዕበሉ ሰጠመ። በመጨረሻ “ልጄ” የምትለዋ ብቻ ቀረች። ከሷ ቀጥለው እማማ በእጃቸው ጻፉ፦ “ልጄ፣ አንተ ሆዳም፣ አልሞትኩም። ከመርከብ ወርደህ ብትመጣ ግን ገዳይህ እኔው ነኝ። ካልሲህን እጠብ።” ፎቶ አንሥተን ላክንለት።

ትናንት መልሱ መጣ! “እማዬ፣ አሁን ገና አንቺ ነሽ። አልወርድም፤ ካልሲዬንም አጥቤያለሁ” ይላል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ልብስ ሰፊው እንኳ ዐይኑን ጠረገ።

የልጆቹን አባት አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ መንታዎቹን ጆሮ ጆሯቸውን ሳቢልኝ፣ ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ለአማትሽም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከጎማ ቤቱ የጓሮ ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን

እታለሜ፣ ወረቀቱን ካጠፍኩት በኋላ መልሼ ዘረጋሁት። ሌላው ሁሉ እንዳልኩሽ ነው፤ የልጁ መልስ ግን ከነጭብጨባው የኔ ፈጠራ ነው። ሆደ ባሻ ስለሆንሽ ስትገላበጪ እንዳታድሪ ብዬ ነው። መርከቡ ወደብ ይድረስ አይድረስ፣ ልጁም ደብዳቤውን ያንብበው አያንብበው እስካሁን የምናውቀው የለም። የሆቴሉ አለቃ እማማ ስልካቸውን ከሣጥን ውጭ እንዲይዙ ፈቅዶላቸዋል። ክፍል ውስጥም ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚጽፉት፤ በጮኸ ቁጥር እኛ እርሳሳችንን እናቆማለን፣ እሳቸው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።