የጋሽ ታዬ ድምፅ

ሰኔ 3፣ ጠዋት 3፡20
ዛሬም ከሰሚት ሁለት ታክሲ ይዤ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ገባሁ። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው የኮምፒውተር ሞዴሌ ሲሠለጥን አድሮ ጨርሷል። አንድ ገጽ ሰጠሁት። በጋሽ ታዬ ድምፅ አነበበው፤ የሕንፃችን ጥበቃ በነበሩት፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ከፋኝ። አርባቸው እንኳ አልወጣም። መመረቂያ ጽሑፌን ላቀርብ አሥራ አምስት ቀን ቀረኝ። ማስታወሻዬ፣ ያለዚህ ድምፅ ባዶ እጄን ነኝ።

ሰኔ 5፣ 8 ሰዓት
ገጹ ሲያልቅ ሞዴሉ ያልጻፍኩትን ተናገረ። «ልጄ፣ ዛሬ ይብቃን?» ማዳመጫውን አውልቄ ዞርኩ። ማንም የለም።
ለሞዴሉ ማሠልጠኛ ድምፃቸውን የቀዳሁት በዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። በየገጹ መጨረሻ እንዲህ ይጠይቁኛል። እኔም በየገጹ፣ አንድ ብቻ ቀረን እላለሁ። ከጽሑፉ ውጭ የተነገረ ሁሉ ከቅጂው ይቆረጣል፤ አሠራራችን ነው። በእጄ ቆርጬ ጣልኩት።

ሰኔ 6
አማካሪዬ ሳቁ። ሳትቆርጪው ያመለጠሽ ይኖራል አሉ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሰማሁ። ምንም አላመለጠኝም።

ሰኔ 9፣ ረፋድ
ባሰ። ድምፁ በየገጹ እየሻከረ ይሄዳል። አራተኛው ላይ ምራቅ ሲውጥ ሰማሁ። ሞዴል ምን ጉሮሮ አለው? ሰው በሞላበት ሕንፃ፣ በጠራራ ፀሐይ ፈራሁ።

ሰኔ 11
አያት ሰፈር፣ የጋሽ ታዬ ባለቤት ወ/ሮ አስካለ ቤት። ስለ ሞዴሉ ትንፍሽ አላልኩም። ያኔ በቀረጻው ጊዜ ጋሽ ታዬ ድምፃቸው ተዘግቶ ወደ ቤት ይመጡ ነበር አሉኝ። ለምን እምቢ አትልም ሲሏቸው፣ ልጅቷ በእኔ ድምፅ እኮ ነው የምትመረቀው ይሉ ነበር። እየሳቁ። ውሃ ቀረበልኝ። መጠጣት አቃተኝ።

ሰኔ 12፣ 9 ሰዓት
የመጨረሻ ሙከራ። አንድም ቃል የሌለበት ባዶ ገጽ ሰጠሁት። «ይብቃን?» ብሎ ያንኑ ጠየቀኝ፣ በሹክሹክታ።
አዎ ጋሽ ታዬ፣ ይብቃን አልኩ። ያኔ አንድ ቀን እንኳ ያላልኩትን። ሞዴሉን ሰረዝኩ፤ መጠባበቂያ ቅጂውንም። ኮሪደሩ ላይ ካለው የምርምር ዘርፎች ሰሌዳ፣ «የንግግር ቴክኖሎጂ» ከሚለው ሥር ስሜን ነቀልኩ። አዲሱ ዘርፌ ምስል ይሁን ኔትወርክ ገና አላወቅኩም። ምረቃው ለከርሞ። አለቀስኩ፤ ቀለለኝም።
ለአማካሪዬ ልነግራቸው ደወልኩ። አነሱ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ተዘግቷል።